ዘመድ ያልሆነ ታማኝ፦ የሶሻል ወርክ ተማሪዎች የሙያ ማንነት በደሴና በኮምቦልቻ

(በሕዝባዊ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «የሙያ ማንነት» የሚል ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ ይህን ሲፈቱት፣ አንድ ተማሪ የሙያውን ዕውቀት፣ ክህሎትና ሥነ ምግባር የራሱ አድርጎ «እኔ የዚህ ሙያ ሰው ነኝ» ለማለት የሚበቃበት ሂደት ይሉታል። በፍቺው አልከራከርም። ነገር ግን «እኔ ነኝ» ማለት ሰሚ ይፈልጋል። ሐኪም ነኝ ላለ ሰው ነጭ ጋዋኑ ይመሰክርለታል፤ መምህሩን ጠመኔውና ሰሌዳው ያስተዋውቁታል። «ሶሻል ወርከር ነኝ» የምትል ተማሪ በደሴ ከተማ የአንድ ቤት በር ብታንኳኳ ግን በሩን የምትከፍተው እናት የምትጠይቃት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ምን ልትሰጡን ነው?»

ስሙን በአማርኛ ብንተረጉመውም ብዙ አይረዳንም። «ማኅበራዊ ሠራተኛ» ሲባል ማኅበር የቀጠረው ዘበኛ ይመስላል። ስለዚህ በዚህ ንግግር «ሶሻል ወርክ» የሚለውን ቃል እንዳለ እጠቀማለሁ፤ የቋንቋ መምህራን ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የእናትየዋን ጥያቄ ከስግብግብነት የሚቆጥር ተማሪ የወሎን ታሪክ ያላነበበ ነው። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ መጥተው የረሃቡን ነገር በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ሥዕሎቹንም በግቢያቸው አሳዩ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም የቀረውን ዓለም አስደነገጠ። በ1977 ባቲ ላይ በተተከሉት ድንኳኖች ዙሪያ ሰው በረድፍ ተቀምጦ ስሙ እስኪጠራ ጠበቀ። ከ1997 ወዲህ ደግሞ ሴፍቲ ኔት መጣ፤ ማን በሕዝብ ሥራ፣ ማን በቀጥታ ድጋፍ እንደሚታቀፍ በየቀበሌው ኮሚቴ ተለየ። በዚህ ሁሉ ዘመን ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ወደ ደጅ የሚመጣ እንግዳ መዝጋቢ ነው። ስም ከተጻፈ ስንዴ ይመጣል፤ ካልተጻፈ ይቀራል። እንግዲህ ተማሪያችን ለቃለ መጠይቅ ደብተሯን ስትገልጥ፣ ከፊቷ ያለችው እናት ሃምሳ ዓመት ያስተማራትን ታደርጋለች። ችግሯን በመዝገብ ቋንቋ ትናገራለች፦ የቤተሰብ ብዛት፣ የመሬት ስፋት፣ የከብት ቁጥር። ደብተር ፊት የሚነገረው ታሪክ ለደብተር የተሰናዳ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ የሚመጣው ደብተሩ ከታጠፈ በኋላ፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን «ጨረስን» ብለው ተነሥተዋል።

እዚህ ላይ አንድ የዘመን መገጣጠም አለ፤ በቂ ትኩረት የተሰጠው አይመስለኝም። በአዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መባቻ ነው። ኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ እስከ ዲግሪ አስተማረ። ከአብዮቱ በኋላ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት መሆኑ ቀረና ከሶሺዮሎጂ ጋር ተዋሐደ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የዶክትሬት ፕሮግራሙ ተከተለ። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት ያህል ይህች አገር ሶሻል ወርከር የሚያሠለጥን ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት አልነበራትም። የ1977 ረሃብ የደረሰው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። በባቲ የሠሩት ነርሶች፣ አስተዳዳሪዎች፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞችና የሃይማኖት ሰዎች ናቸው፤ ብዙ ነፍስም አትርፈዋል። ነገር ግን ሕዝቡ «ረጂ» የሚባለውን ሰው መልክ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። መልኩም ሐኪም ወይም መዝጋቢ ነበር። ሦስተኛ ዓይነት ሰው አላየም። ዛሬ ተማሪዎቻችን የሚገቡበት ቦታ ከሕዝቡ ትዝታ ውስጥ የተሰጣቸው ቦታ የለም ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛ ብቻ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1915 አሜሪካዊው አብርሃም ፍሌክስነር ባልቲሞር ላይ «ሶሻል ወርክ ሙያ ነውን?» ብሎ ጠይቆ፣ ገና አይደለም የሚል መልስ ሰጥቶ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ሶሻል ወርከሩ ችግረኛውን ከሐኪሙ፣ ከጠበቃው፣ ከመምህሩ ጋር የሚያገናኝ አማላጅ እንጂ በራሱ ኃላፊነት የሚወስን ባለሙያ አይደለም የሚል ነው። የምዕራቡ ዓለም ሶሻል ወርክ ይህን ወቀሳ ለማስተባበል ብዙ ዓመት ደክሟል። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ፍሌክስነር እንደ ጉድለት የቆጠረው ሥራ በወሎ የማዕረግ ሥራ መሆኑ ነው። አበጋር ማን ነው? ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ፣ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ የሚፈራና የሚከበር ሰው ነው። ነፍጥ የለውም፤ ማኅተም የለውም። ያለው በሁለት ወገን መካከል መቆም መቻሉ ነው። «አማላጅ ብቻ ናችሁ» የሚለው ቃል ባልቲሞር ላይ ስድብ ቢሆን ደሴ ላይ ምርቃት ይሆናል።

ይሁንና ከዚህ ተነሥተን «አበጋርና ቅሬ እያሉን ሶሻል ወርክ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ምሁራን አሉ። ዓለም አቀፉ የሶሻል ወርከሮች ፌዴሬሽንና የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ሜልቦርን ላይ ባጸደቁት ትርጉም ውስጥ አገር በቀል ዕውቀት ከሙያው መሠረቶች አንዱ ሆኖ ከገባ ወዲህ ደግሞ ይህ ክርክር በረታ። በሴሚናር ጽሑፎች ላይ ቅሬ የማይነሣበት ጊዜ የለም። ስሙ ይነሣል፣ ይወደሳል፣ ከዚያ ጽሑፉ ያልቃል። እኔ ዛሬ ቅሬን ከማወደስ ይልቅ ወሰኑን ማየት እፈልጋለሁ፤ የተማሪዎቻችን የሙያ ማንነት የሚጀምረው እዚያ ወሰን ላይ ነው ብዬ ስለማምን።

ቅሬ ምን ያውቃል? ሁሉን። ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ እንደወጣች፣ የማን ጓዳ ባዶ እንደሆነ ያውቃል። ይህ ዕውቀቱ ኃይሉ ነው። ቀብር የሚያስፈጽመው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሐዘንተኛውን ለቀናት ብቻውን የማይተወው በዚህ ዕውቀት ነው። ይሁን እንጂ ሁሉን የሚያውቅ ሰፈር ምስጢር መያዝ አይችልም። በቅሬ ውስጥ የተነገረ ነገር የመንደር ነው። የንስሐ አባት ምስጢር ይጠብቃል፤ ነገር ግን ለእርሱ የሚነገረው ኃጢአት ተብሎ ነው፤ ቀኖናም አለው። በደረሰባት ነገር ኃጢአት የሌለባት ሴት ለማን ትንገር?

ሁለተኛው ወሰን ቁጥሩ ነው። ቅሬ የሚቆጥረው ቤት ነው። ይህ በኮምቦልቻ ጎልቶ ይታያል። ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ሌላ ዓለም ነው፤ አየሩም ይሞቃል፣ ሰዉም አዲስ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት እየተከራዩ ይኖራሉ። ተከራይ ልጃገረድ በቅሬ መዝገብ ቤት አይደለችም። ብትታመም የሚጠይቃት የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ብትሞት አስከሬኗ ወደ አገሯ ይጫናል። በጦርነቱ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ከአጎዋ የገበያ ዕድል ስትወጣ፣ እነዚህ ልጆች ሥራቸው በአሜሪካ ምክር ቤት በወጣ ሕግ ላይ የተንጠለጠለ እንደነበር ብዙዎቹ ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ሥራ ላጣች ልጅ ቅሬ የለም፤ ቀበሌውም የከተማው ነዋሪነት መታወቂያ ይጠይቃታል።

ከተማሪዎቼ አንዷ የመስክ ልምምዷን በዚህች ከተማ ስታደርግ ከአንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ጋር ተዋወቀች። መለያ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ አውጥቼዋለሁ፤ ተማሪዋም እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ልጅቱ አርግዛለች፤ ቤተሰቧ አያውቅም፤ አብረዋት የሚኖሩትም የአንድ ቀበሌ ልጆች ስለሆኑ አያውቁም። ተማሪዋ እንደ አገራችን ወግ ለመቅረብ ብላ «አይዞሽ፣ እኔ እኮ እህትሽ ነኝ» አለቻት። የልጅቱ መልስ በማስታወሻው ላይ ቃል በቃል ተጽፏል፦ «እህቴማ ብትሆኚ አልነግርሽም ነበር። ባዳ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ካነበብኩ ወዲህ በሙያ ማንነት ላይ የተጻፈ ብዙ ነገር ቀሎብኛል። «ባዳ» በቋንቋችን የሙገሳ ቃል አይደለም። ልጅ ስናሳድግ ከባዳ እንዲጠነቀቅ እንመክራለን። ሰውን ለመርዳት የምናውቀው መንገድ አንድ ነው፦ ማዛመድ። ተማሪዎቻችን ወደ መስክ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሽማግሌውን «አባቴ»፣ አሮጊቷን «እማማ»፣ እኩያዋን «እህቴ» ይላሉ። ከአክብሮት አንጻር ተገቢ ነው፤ እንዲተዉት አልመክርም። «አንቱ» ማለትና «እማማ» ማለት የቤታችን ሥርዓት ነው። ሙያው ግን ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ፣ ዘመድ ሳይሆኑ መታመንን ይጠይቃል። ልጅቱ የፈለገችው የሚያውቅና የማያወራ፣ የሚረዳና ውለታ የማይቆጥር፣ ነገ ሠርጓ ላይ የማታገኘውን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በወሎ ማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ ስም የለውም። ተማሪዎቻችን እንዲሆኑት የምንጠይቃቸው ያን ስም የለሽ ሰው ነው።

ዝምድና በሙያ ሥራ ላይ የሚያስከትለው ሌላ ጣጣ ደግሞ መለያየት ነው። በደሴ አንድ ሰፈር የቅሬ ዳኛ የሆኑ አባት ስለ ተማሪዎቻችን ሲነግሩኝ፣ «ዶክተር፣ ልጆቻችሁ ደጎች ናቸው። ግን ለቅሶ ሳይደርሱ የሚሄዱ ዘመዶች ናቸው» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ዘንድ አንዲት ተማሪ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ትመላለስ ነበር። ውሃ ትቀዳለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ «እማማ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ» ትላለች። ፈተና ደረሰ፣ ሪፖርት ቀረበ፣ ጥሩ ውጤት ተሰጠ፣ ተማሪዋ ወደ አገሯ ሄደች። አሮጊቷ ለወራት «ልጄ ታመመች እንዴ?» እያሉ መንገደኛውን ይጠይቁ ነበር።

ተማሪዋ ክፉ ሰው አይደለችም። መጥፎ ተማሪም አይደለችም። የሰጠችው ቃል ግን በዝምድና ቋንቋ የተሰጠ ነው፤ በዝምድና ቋንቋ የተሰጠ ቃል ደግሞ በሴሚስተር አያልቅም። ሐኪም «በሽተኛዬ» ሲል ከሕክምናው ማግስት ቀጠሮ አለቀ ማለት ይችላል። «ልጅዎ ነኝ» ያለ ሰው ምን ብሎ ይሰናበታል? በሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ ግንኙነትን ስለ መጀመር፣ ችግርን ስለ መለየት፣ ስለ ማቀድ ብዙ ምዕራፍ አለ። ስለ ስንብት ያለው ጥቂት ገጽ ነው፤ እሱም ለፈተና ስለማይመጣ ይዘለላል። እኔ ይህን ገልብጬ ማስተማር እመርጣለሁ። ተማሪዋ በመጀመሪያው ጉብኝቷ ቀን፣ ቡናው ሳይፈላ፣ «እማማ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ እስከ ግንቦት ድረስ በየማክሰኞው እመጣለሁ፤ በግንቦት እሰናበትዎታለሁ፤ ከእኔ በኋላ ማን እንደሚመጣ አብረን እንነጋገራለን» ብላ ትጀምር። ይቀዘቅዛል ትሉኛላችሁ። መጀመሪያ ላይ ይቀዘቅዛል። ነገር ግን በየማክሰኞው የመጣች፣ በቀጠሮዋ የተገኘች፣ በግንቦት ደግሞ ተሰናብታ የሄደች ልጅ ሐሰት አልተናገረችም።

አሁን ስለ 2014 ልናገር። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች የደሴን ትምህርት ቤቶች ሲሞሉ ከተማው እንጀራውን ተካፈለ። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ ግን ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው በጦርነቱ ውስጥ ወደቁ። ያን ወር እዚህ ለነበራችሁ መተረክ አያስፈልገኝም፤ ላልነበራችሁም በዚህ መድረክ አልተርከውም። የማነሣው አንድ የትምህርት ጉዳይ ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ ሶሻል ወርከሩን ከችግሩ ውጪ ቆሞ ወደ ችግሩ የሚገባ ሰው አድርገው ይሥሉታል። ትምህርት ሲቀጥል ከፊቴ የተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ቤቱ የተዘረፈበት፣ ወንድሙ የት እንዳለ የማያውቅ፣ ራሱ መጠለያ ውስጥ የሰነበተ ነበር። «ባዳ ሁኑ» የሚለው ትምህርቴ ለእነዚህ ምን ይላል?

ብዙ ባልደረቦች፣ እንዲህ ያለ ተማሪ የቆሰለውን ሰው ከማንም በላይ ስለሚረዳ ለሥራው ይመረጣል ይሉ ነበር። እኔ በጥንቃቄ ነው የምቀበለው። የራሱ ቁስል የሚጠዘጥዘው ሰው የሌላውን ሲሰማ ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። ወይ የራሱን ታሪክ በሌላው አፍ ይሰማል፤ ወይ ላለመስማት ቶሎ ያጽናናል። «አይዞሽ፣ ያልፋል» የሚለው ቃላችን መልካም ቃል ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የሰውን ንግግር መዝጊያ ነው። ሴቲቱ ዋናውን ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት «አይዞሽ» እንላታለን፤ እሷም ትዘጋዋለች። በተለይ በጦርነቱ ለተደፈሩ ሴቶች ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ሰፈሩ ይወቅብኝ የማትል ሴት በአንድ «አይዞሽ» ተመልሳ ትገባለች። የመጀመሪያው የሙያ ማንነት ፈተና ተማሪው ማጽናናቱን ለአፍታ መግታት መቻሉ ይመስለኛል።

ይህን ብቻውን የሚችል ተማሪ የለም። ሱፐርቪዥን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አሁን ባለው አሠራር የመስክ ልምምድ ማለት ተማሪውን ደብዳቤ አስይዞ ወደ አንድ ቢሮ መላክ ነው። ቢሮው በሥራ የተጣበበ ነው፤ ተማሪው ፋይል ይደረድራል፣ ኮምፒዩተር ላይ ይጽፋል፣ ስብሰባ ሲኖር ውሃ ያድላል። መምህሩ በመሐል አንድ ቀን ብቅ ብሎ ፊርማ ያያል። የአሜሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የመስክ ትምህርትን የሙያው መለያ የማስተማሪያ መንገድ ብሎ ሰይሞታል። እኛ ዘንድ መለያነቱ ማኅተም የሚበዛበት ኮርስ በመሆኑ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ቋንቋው ነው። ተማሪዋ ከባለጉዳይዋ ጋር በአማርኛ ተነጋግራ፣ ባቲና ከሚሴ በኩል ከሆነም በኦሮምኛ ተነጋግራ፣ ማታ ዶርሟ ውስጥ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። ሴቲቱ «ሆዴ ባባ» ትላለች፤ ዘገባው ላይ «ዲፕሬስድ» ይሆናል። «አንጀቴ አረረ» ትላለች፤ አሁንም «ዲፕሬስድ» ይሆናል። «ሰው አስጠላኝ» ትላለች፤ ያው ነው። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሆድ የባሰው ሰው የሚያስታምመው ይሻል፤ አንጀቱ ያረረ ሰው የተበደለው ነገር አለ፤ ሰው ያስጠላው ደግሞ ቶሎ ሊታይ የሚገባው ነው። በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ስንጠቀልላቸው ተማሪዋ የለየችውን ልዩነት ራሷ ታጠፋዋለች። በሂደትም ባለሙያ መሆን ማለት የእናቷን ቋንቋ መርሳት ይመስላታል። እኔ በማስተምረው ኮርስ የቃለ ጉባኤ ያህል ቃል በቃል የተጻፈ፣ ንግግሩ በግራ፣ ተማሪዋ በውስጧ የተሰማት በቀኝ የተሰፈረበት ማስታወሻ በተነገረበት ቋንቋ እንዲቀርብ አደርጋለሁ። «ባዳ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ» የሚለው ቃል የተረፈው እንዲህ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ቢገባ ኖሮ ሦስት መስመር ማብራሪያ ፈልጎ መጨረሻው ላይ ባልቀረበ ነበር።

ሌላው በየስብሰባው የሚነሣ ሐሳብ የሙያ ፈቃድ ነው። ሕግ ይውጣ፣ ፈቃድ ይሰጥ፣ ያን ጊዜ ማንነቱ ይመጣል የሚሉ አሉ። በመርሕ ደረጃ እደግፋለሁ፤ ባለጉዳይን ከማያውቅ እጅ ይጠብቃል። ነገር ግን ፈቃድ ያለው መዝጋቢ ያው መዝጋቢ ነው። ከ1989ኙ የልማታዊ ማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲ ወዲህ ጥሩ ጥሩ ሰነዶች አሉን። ሰነዱ የጎደለን አይመስለኝም። የጎደለን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተማሪዋን «ምን አለችሽ? አንቺስ ምን አልሽ? ከዚያ ለምን ዝም አልሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የመስክ ልምምዱ በመጨረሻው ዓመት ተጠራቅሞ ከሚመጣ፣ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በሳምንት ግማሽ ቀን ይሁን። ሱፐርቫይዘር የሚሆነው መምህር በጭነት ስሌቱ ላይ ሰዓቱ ይቆጠርለት፤ ዛሬ በነጻ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ነው ማንም የማይሠራው። የቅሬ ዳኞችን ለምርቃት ንግግር ብቻ አንጥራቸው፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪው እንዴት እንደገባና እንዴት እንደወጣ ይጠየቁ፤ ቃላቸውም በውጤቱ ውስጥ ይግባ። ዲኖቻችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ነገር ግን «ለቅሶ ሳይደርሱ የሚሄዱ ዘመዶች» ያሉን ሰው ከማናችንም የምዘና ቅጽ የተሻለ ምዘና ሰጥተውናል።

ለቀጣዩ ሴሚስተር በደሴ ሁለት ሰፈሮችና በኮምቦልቻ በኪራይ ቤቶች አካባቢ እንዲህ ያለውን አሠራር ለመሞከር ከጥቂት ባልደረቦች ጋር ተነጋግረናል። በኪራይ ቤቶቹ በኩል ቅሬ ስለሌለ ማንን እንደምንጠይቅ ገና አልወሰንንም፤ አከራዮቹን የሚሉ አሉ፣ እኔ ልጆቹን ራሳቸውን እላለሁ። በዚህ ላይ ሐሳብ ያላችሁ ካላችሁ አሁን መስማት እፈልጋለሁ።